አባዬ ጫማቸውን ያወለቁበት ደጅ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ካርሜ ጋት ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሊፍት ውስጥ ስገባ፣ አንዲት ወጣት ጎረቤቷ ትኩስ ኩኪስ በትሪ ይዛ ተከትላኝ ገባች። ሽታው ቀድሟት ነው የደረሰኝ። የብርቱካን አበባ ውሃ የተረጨበት ኩኪስ ነበር፤ የሞሮኮ ሴቶች እንጂ ሌላ ሰው እንደዚያ አያደርገውም። ልጅቷ የትኛው ፎቅ ላይ እንደወረደች አላየሁም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ፎቅ ወጥቼ፣ እንደገና እስከ ምድር ቤት ወርጄ፣ አሁንም ወጥቼ ነው የልጄ በር ላይ የደረስኩት። «ኢማ፣ የት ጠፋሽ? ከታች ከደወልሽልኝ ቆየሽ እኮ» አለችኝ። «ሺኩን ደርሼ መጣሁ» አልኳት። ሺኩን የምንለው የድሮውን ሰፈር ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ የምኖርበት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና ውሃ አቀረበችልኝ። እናቷ ማርጀት የጀመረች መስሏት ይሆናል።

እኛ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጣንበት ዘመን ካርሜ ጋት የሚባል አዲስ ሰፈር አልነበረም። አሁን ሊፍቱ ሽቅብ ቁልቁል የሚልበት ቦታ ባዶ ሜዳ ነበር። ከተማችን ቂርያት ጋት ማለት ያኔ እነዚያ ሊፍት የሌላቸው ግራጫ ሕንጻዎች፣ በየበረንዳው የተሰጣ ልብስ፣ ከየመስኮቱ የሚሰማ የሬዲዮ ዜና ነበረች። ጥጉ ላይ ካለው ኪዮስክ የተቆላ የሱፍ ፍሬ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ ሰዉ እየበላ ልጣጩን ደረጃው ላይ ይተፋዋል፣ እኔ በጠዋት እጠርጋለሁ። የገበያ ቀን ማታ ማታ ነጋዴው ወደ ቤቱ ሲቻኮል በአንድ ሼቄል አንድ ፌስታል ቲማቲም ይሰጥሽ ነበር። ካሴት ሻጩ ደግሞ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ የሚያለቅስ ዘፋኝ ያሰማል። ቃሉ አይገባኝም ነበር። ዛሬ ልጆቹ ያንን ዘፈን ሠርግ ላይ ሲሰሙ ይስቁበታል። እኔ ግን እስከ አሁን ቲማቲም ይሸተኛል።

ልብሳችን ከእርዳታ መጋዘን የተመረጠ ነው። ለእኔ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ቀይ ኮት ደረሰኝ፤ ለብሼው ስሄድ በር ጠባብ ይሆንብኝ ነበር። ለአባዬ ቡናማ የቆዳ ጫማ ደረሳቸው፣ ከእግራቸው ትንሽ የሚሰፋ፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ የጠቀጠቅሁበት። ሰውየው ጫማውን ወደዱት። በየዓርቡ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ ፊታቸው እስኪታይበት ይወለውሉታል። ለሰንበት ነው የሚወለውሉት፤ ግን ሰንበት ሲመጣ የትም አይሄዱም ነበር። የእኔም ሐሳብ እሱ ነበር።

አባዬ በአገራቸው ደብተራ ነበሩ። የቄሶች ረዳት ማለት ነው፤ ጸሎቱን በግዕዝ በቃላቸው የሚያውቁ፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። እናቴ ብርቄ አዲስ አበባ ላይ፣ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ አረፈች። የመጨረሻ ቃሏ፣ «ተዝካሬን እዚህ እንዳታወጣው፤ ኢየሩሳሌም አገር ገብታችሁ፣ በወገን መካከል አውጡልኝ» የሚል ነበር። አባዬ ማሉላት። ተዝካር ደግሞ አንድ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ አያወጣውም። ጸሎት ቤት ይፈልጋል፣ አብሮ ቆሞ «አሜን» የሚል ሰው ይፈልጋል። የእኛ ቄሶች ያኔ በየጊዜያዊ ካራቫን ቤቱና በየሆቴሉ ተበትነዋል፤ ዘመዶቻችን ግማሾቹ ሰሜን ናቸው፣ ግማሾቹ ገና አገር ቤት። ምኩራብማ በየመንገዱ ነበር። ምኩራብ ግን አባዬ ምለው ትተውታል።

የማሉት መጀመሪያ ያረፍንበት ከተማ ነው። ከሆቴላችን አጠገብ አንድ ምኩራብ ነበረና በመጀመሪያው ሰንበት አባዬ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ እኔን አስከትለው ሄዱ። በሩ ላይ የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራስ አያቸውና፣ «አይሁዳውያን ናችሁ?» አላቸው። ዕብራይስጥ ገና አልጀመሩም ነበር፤ ያቺ ቃል ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። አባዬ እዚያው ዞሩ። ሆቴል ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፤ «ጎንደር አይሁድ ናችሁ ብለው መሬት ከለከሉን። እዚህ ደግሞ አይሁድ ናችሁ ወይ ይሉናል። ታዲያ እኛ ማን ሆነን ነው ያን ሁሉ የቻልነው? ከእንግዲህ የማንንም ምኩራብ ደጅ አልረግጥም።» አባዬ አንድ ነገር ከማሉ ማሉ ነው። ሁለቱ መሐላቸው እርስ በርስ ተያይዞ፣ እናቴ መሐል ላይ ቀረች።

ቂርያት ጋት ቤት ከተሰጠን በኋላ እኔ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። የተሰፋ ሱሪ ላይ የተረፈውን ክር መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ባለቤቴም ሌላ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው ደረጃ ላይ ነበር። አባዬ ልጄን አዝለው ቤት ይውላሉ። ሰንበት ጠዋት ደግሞ በረንዳው ላይ ወጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ወደ ሰሜን ዞረው ለብቻቸው ይጸልያሉ። ያ ድምፅ፣ ያ ሕዝብ ሙሉ ተቀብሎት የኖረ ድምፅ፣ ተሰጥቶ ከደረቀ አንሶላ ጋር ሲነጋገር ስሰማ ልቤ ቁርጥ ይል ነበር።

ከእኛ በታች ምድር ቤት መስዑድና ሚስታቸው ዞህራ ይኖራሉ፤ ከተማዋ ድንኳንና ጭቃ በነበረችበት ጊዜ ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። መስዑድ የራሳቸው የሞሮኮዎቹ ምኩራብ ጋባይ ነበሩ፤ ጋባይ ማለት ቦታውን የሚያሰናዳ፣ ማን ምን እንደሚያነብ የሚደለድል ሰው ነው። አንድ ሰንበት ጠዋት ከጸሎት ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ ላይ አባዬን ያዩ ጀመር። ቆዩና በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ፤ ዙር፣ ዙር፣ ወደዚያ። አባዬ እንዳላዩ ሆነው ቀጠሉ። ሰውየው እያለከለኩ ደረጃውን ወጥተው በራችንን አንኳኩ። ስከፍት፣ «ሻባት ሻሎም። አባትሽ ወደ ቴል አቪቭ ነው የሚጸልዩት» አሉኝ።

ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ መማር ከጀመርኩ ትንሽ ጊዜዬ ነበርና ደግመው እስኪነግሩኝ አላመንኩም። ለአባዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔ እንደገና ጠብ መጣ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ግን በቀስታ፣ «ኢየሩሳሌም በየት በኩል እንደሆነች ጠይቂልኝ» አሉ። መስዑድ ወደ በረንዳው ወጡና በሁለቱ ሕንጻዎች መሐል፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት አመለከቱ። «ከጎንደር በሰሜን ናት» አሉ አባዬ። «አባቴም፣ የአባቴም አባት ወደ ሰሜን ነው የጸለዩት። እዚህ ከገባን በኋላ እንደምትዞር ማን ነገረኝ?»

«ከዚያ ሆነው ሲጸልዩማ ልክ ነበሩ» አሉ መስዑድ። «እኛ ዕድለኞች ነን። ከሞሮኮም በምሥራቅ ነበረች፣ እዚህም ምሥራቅ ሆና ጠበቀችን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የጸለይኩት ጠፋ በላ?»

ስተረጉምላቸው መስዑድ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ «አልጠፋም። ቴል አቪቭ ላይ አውቶቡስ ቀይሮ ነው የደረሰው» አሉ።

አባዬ ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቁ ያኔ ነው ያየኋቸው፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መስዑድ ወርደው ሲሄዱ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎታቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ማታ ላይ፣ «አየሽ ትርንጎ፣ ያ ሰውዬ ማን ናችሁ አላለንም። አቅጣጫችሁ ተሳስቷል ነው ያለን» አሉኝ። እኔ እንኳ ያን አላስተዋልኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ መስዑድ በየዓርቡ ከጓሯቸው አንድ እፍኝ ናና ቆርጠው ይዘው ይመጣሉ። አባዬ ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ መስዑድ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፤ እኔ ካለሁ እተረጉማለሁ፣ ከሌለሁም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መስዑድ ና ምኩራብ እንሂድ ብለው አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ ስለራሳቸው አወሩ። እነሱ ሲመጡ እዚህ የቀደሟቸው ሰዎች፣ ዜማችሁ የዓረብ ዘፈን ነው፣ እንዲህ አይጸለይም ይሏቸው ነበር። «እኛም ሄድንና በአራት ግድግዳና በቆርቆሮ የራሳችንን ሠራን» አሉ። «በሩን ሰፋ አድርገን ነው የሠራነው። በዚያ ያለፈ ሰው በር ይሰፋል።» አባዬ ብሩሻቸውን አቁመው አዳመጧቸውና መልሰው መወልወል ጀመሩ። ሳምንታት አለፉ። የእናቴ ዓመት እየቀረበ ሲመጣ አንድ ማለዳ፣ ወደ ፋብሪካ የሚወስደኝ አውቶቡስ ሳያመልጠኝ ልውጣ ስል፣ «የዚያ ሰውዬ ምኩራብ... ሰው ይበዛበታል?» አሉኝ። ይህን ቃል ስጠብቅ እንደኖርኩ ስለሚያውቁ ዓይኔን አላዩኝም። «ይበዛበታል፣ አባዬ» አልኩ። ያን ቀን ስንት ሱሪ ጨርቁን ጭምር እንደቆረጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰንበት ጠዋት ቀዩን ኮቴን ለብሼ አብሬያቸው ሄድኩ። ምኩራቡ ከሕንጻችን ጀርባ ያለ ነጭ ቤት ነው። ዞህራ እጄን ይዘው ሴቶቹ ወደሚቀመጡበት ወደ ላይኛው ሰገነት አወጡኝ፤ በእንጨት ፍርግርግ ቁልቁል ይታያል። አባዬ ደጁ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያንን የተወለወለ ጫማ አወለቁና በሩ ጥግ አስተካክለው አስቀመጡት። በእኛ ሥርዓት ጸሎት ቤት በጫማ አይገባም፤ ሌላ ሥርዓት ሊኖር ይችላል ብለው አላሰቡም፣ እኔም አላሰብኩም።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ሞቼ ነበር። በእነሱ ሥርዓት ጫማ የሚያወልቁት ኮሃኒም ናቸው፤ የአሮን ዘሮች፣ ፊት ወጥተው ሕዝቡን የሚባርኩት። ያ ሰዓት ደግሞ ልክ የቡራኬው ሰዓት ነበር። አንድ ሰው በእግራቸው ካልሲ ብቻ ያደረጉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ትልቅ ሰው ሲገቡ አየና እየሮጠ መጥቶ በአክብሮት ክንዳቸውን ያዘ። ወስዶ እጃቸውን አስታጠባቸው። አባዬ ታጠቡ፤ እጅ መታጠብ ለእኛም አዲስ አይደለም። ከዚያ ፊት ለፊት ወስዶ ከሌሎቹ ባለ ካልሲዎች ጋር አቆማቸውና የጸሎት ኩታ አናታቸው ላይ ጣለባቸው። ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ቡራኬያቸውን ይጠብቃል።

ኩታው ስር ሆነው የአባዬ ድምፅ ተሰማ፤ «ትርንጎ! እነዚህ ሰዎች ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴት ከሰገነት ትናገር አትናገር እንጃ፣ በፍርግርጉ አፌን አውጥቼ በተሰባበረ ዕብራይስጤ ጮህኩ። «አባቴ ኮሄን አይደለም! አልዋሸም! ጫማ የሚያወልቀው ለቤቱ ነው፤ እኛ አገር ለእግዚአብሔር ቤት ነው የሚወለቀው!» ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግን የማየው አባዬን ብቻ ነበር። አሁን ዞረው ይወጣሉ፣ ከወጡ ደግሞ አይመለሱም፣ የእናቴም ነገር እዚህ ላይ ያበቃል እያልኩ ፍርግርጉን ጨብጬ ቆምኩ።

የምኩራቡ መምህር፣ ሃካም የሚሏቸው በጣም ያረጁ ሰው፣ በዱላ ተደግፈው ተነሱ። «ለቤቱ?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። የአባዬን እግር አዩ። «ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት ምን አደረገ? እኛ ነን የተውነው፣ እሳቸው አልተዉም። በሉ ቦታ ስጧቸው።» መስዑድ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ያለውን የራሳቸውን ወንበር ለቀው አባዬን አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደ ደጁ ሄዱና፣ ሰው እንዳይረግጠው፣ የአባዬን ጫማ በሁለት እጃቸው አንስተው ከኮሃኒሙ ጫማ ጎን አኖሩት። ቡራኬው ቀጠለ። አባዬ በጋቢያቸው ተሸፍነው እንደ ማንኛውም ሰው ተባረኩ።

እኔ ፍርግርጉን ለቅቄ ስቀመጥ ዞህራ አንገቱ ቀጭን የሆነ የብር ዕቃ አውጥተው መዳፌ ላይ የብርቱካን አበባ ውሃ ረጩልኝ። «ሽተቺው፣ ቢንቲ፣ ነፍስ ይመልሳል» አሉኝ፤ ቢንቲ በእነሱ አነጋገር ልጄ ማለት ነው። ሊፍቱ ውስጥ ያገኘኝ ሽታ እሱ ነው። በዳስ በዓል ደግሞ የሚባረክበትን ኤትሮግ ይዘው ሲያሳዩኝ፣ «ይሄማ ትርንጎ ነው፣ የእኔ ስም ነው» አልኳቸው። ሁለት ጉንጬን ስመው ለሰገነቱ ሁሉ አወሩ። በዚያ ሰፈር ያሉ አሮጊቶች እስከ ዛሬ ስሜን አይጠሩትም፤ ኤትሮግ ነው የሚሉኝ።

በሚቀጥለው ሰንበት ስንሄድ በሩ አጠገብ አዲስ መደርደሪያ ተሰቅሏል። አጭር ነው፣ ቀለም እንኳ አልተቀባም። መስዑድ ከየት እንዳመጡት ሳይናገሩ፣ «ለአባ ወርቁ» ብቻ አሉ። የአባቴ ስም ወርቁ ነው፤ «አባ» ማለቱን ከእኔ ነው የሰሙት።

ተዝካሩ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ሞሮኮዎቹም ለሙታናቸው እንዲሁ ያደርጋሉ፤ አዝካራ ይሉታል። ስንነግራቸው ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ ምን ይበሰል ብቻ ነው የጠየቁት። እዚያ ላይ አንድ ነገር ገጠመን። አባዬ የእኛ ቄስ ያላረደውን ሥጋ አይቀምሱም። ይህን ስናገር ደግሞ ሥጋችሁን ንቀናል ያልኩ መሰለኝና አፌ ተሳሰረ። ዞህራ ግን እጃቸውን አወናጭፈው፣ «እንግዲያስ ዓሣ ነዋ፤ ዓሣ ማን ያርደዋል?» አሉ። ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤታቸው በሴቶች ተሞልቶ፣ ዓሣው በቀይ በርበሬና በድንብላል ይንተከተካል። እኔ ከዋዜማው ዳቦ ደፍቼ ነበር። ያን ምሽት ምኩራቡ አልበቃም፤ ከፋብሪካ የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ የመጡ ነበሩ፣ ቆመው ነው የጸለዩት። ካዲሹን፣ ለሙታን የሚባለውን ጸሎት፣ ከአባዬ ጋር ቃል በቃል እያሉ አስባሏቸው። ካበቃ በኋላ ሃካሙ፣ «አሁን ደግሞ እሷ በምታውቀው ቋንቋ ይጸልዩላት» አሏቸው።

አባዬ በካልሲያቸው ወደ መሐል ወጡ። በግዕዝ ጀመሩ። ያንን ድምፅ በረንዳ ላይ ስሰማው ኖሬ፣ ጣሪያ ሥር ከሰማሁት ስንት ዓመቴ ነበር። ሰዉ አንዲት ቃል አልገባውም። «እስራኤል» ሲሉ፣ «ኢየሩሳሌም» ሲሉ ግን ራሱን ይነቀንቃል፤ በየማረፊያውም ቤቱ በሙሉ «አሜን» ይላቸዋል። መጨረሻ ላይ የእናቴን ስም ጠሩ። መስዑድ በሞሮኮ አፋቸው «ቢርኬ» ብለው ደገሙት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የጎንደር ሴት ስም፣ በሕይወት አይተዋት በማያውቁ ሰዎች አፍ ቤቱን ሞላው። እኔ ሰገነት ላይ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ አለቀስኩ። አላፈርኩም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ፣ ልጃቸው እኔ እንደሆንኩ እንዲያውቅ ነበር የምፈልገው።

ስንወጣ አባዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን እያሰሩ፣ «በይ፣ እናትሽ አሁን አገሯ ገባች» አሉኝ። በዚያ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር እስኪሞቱ ተቀመጡ። በእኛ የጾምና የጸሎት በዓል፣ በስግድ ቀን፣ መስዑድ አብረዋቸው ጾመው ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ሲያርፉ የተሸከሟቸው የእኛ ልጆችና የሞሮኮዎቹ ልጆች ተቀላቅለው ነው። አሁን መስዑድም ዞህራም የሉም። ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁን እንባችንን ብቻ ነው የሚፈልጉት። አዎ፣ ተነክተናል፣ አልክድም። ግን እኔ የምኮራበት ነገርም አለኝ፤ አባቴ አንዲት ነገራቸውን ሳይጥሉ ነው የገቡት፣ የተቀበሏቸውም ሰዎች እንዲጥሉ አልጠየቋቸውም።

ልጄ ያቀረበችልኝን ውሃ ጠጥቼ፣ ሰንበት ሳይገባ የልጅ ልጄን ይዤ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በማግስቱ እንደ ሁልጊዜው ሰገነቴ ላይ ነበርኩ። አሁን ጋባዩ የመስዑድ ልጅ ነው፤ እሱም ሸብቷል። ጸሎቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ረጅም ጸጉረ ወርቃማ ሰው ደጁ ላይ መጥቶ ቆመ። ሩስያኛ የሚናገር አዲስ መጤ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከእኛ በላይ ወዳለው ቤት ሲገባ አይቼዋለሁ። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ ልግባ ልመለስ ይላል። ያን አቋቋም እኔ አውቀዋለሁ። የመስዑድ ልጅ ጠጋ ብሎ «ሻባት ሻሎም» አለውና በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ወዳለው ወደ አባ ወርቁ ወንበር አመለከተው። ማን ነህ አላለውም።

ሰውየው ግን አልገባም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የእኛን ወንዶች ጫማዎችና የልጅ ልጄን ስኒከር አየ። እንደዚህ ነው የሚገባው ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። የመስዑድ ልጅ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሰገነቱ፣ ወደ እኔ አየ። አፉን መልሶ ዘጋ። የልጅ ልጄን ስኒከር ጠጋ አደረገና ለሰውየው ጫማ ቦታ አስለቀቀለት።